የደም ግፊት መድኃኒት በአይጥ ልብ ይመረጥ? (የቡድን ክርክር)

አወያይ፦ የቡድናችን አንድ አባል፣ ኢናላፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት የወፈረ የልብ ጡንቻን እንደሚያቀጥን በአይጥ ስለታየ፣ አምሎዲፒን የተባለውን ሌላ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሁሉ ወደ እርሱ እንዲዞሩ ሐኪሞቻቸውን ይጠይቁ ሲሉ ጽፈዋል። ጥያቄው በእንስሳት የታየ ልዩነት ለሰው መድኃኒት ምርጫ ይበቃል ወይ የሚል ነው።

የፊዚዮሎጂ መምህርት፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢ፦ የአይጡን ታሪክ ሙሉውን ላስቀምጥ። በ1963 እ.ኤ.አ. ኦካሞቶና አኦኪ በኪዮቶ የደም ግፊቱ በዘር የሚጨምር የአይጥ ዝርያ አወጡ። በ1970ዎቹ የክሊቭላንድ ተመራማሪዎች ለእነዚህ አይጦች መድኃኒት ሲሰጡ ሃይድራላዚንም ሜቲልዶፓም ግፊቱን አወረዱ፤ የልብ ክብደት የቀነሰው ግን ሜቲልዶፓ በወሰዱት ነው። ምክንያቱ አሁንም ያከራክራል፤ አንዱ ማብራሪያ ይህ ነው፦ ሃይድራላዚን የደም ሥሮችን ሲያሰፋ ሰውነት የልብን ምት በማፍጠንና ሬኒንን (አንጂዮቴንሲን የተባለው ግፊት ጨማሪ ንጥረ ነገር እንዲሠራ የሚያደርገውን) በመጨመር ይመልሳል፤ በዚያ መንገድ የሚበዛው አንጂዮቴንሲን ደግሞ ከግፊቱ ውጭ በራሱ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት እንዲያድጉ ይገፋፋል። የኢናላፕሪል ቤተሰብ የሆነው ካፕቶፕሪል ይህን መንገድ ስለሚዘጋ የአይጦቹን ልብ ቀነሰ፤ ከዚያው ቤተሰብ የሆነው ራሚፕሪልም ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ በተጠበበባቸው አይጦች ላይ፣ ግፊት በማያወርድ አነስተኛ መጠን እንኳ፣ ውፍረቱን ገታ። የደም ሥር የሚያሰፋው ሚኖክሲዲል ግን ግፊቱን እያወረደ ልብን ሲያከብድ ታይቷል። «ግፊቱ ይውረድ እንጂ በምንም ይውረድ» የሚሉ ወገኖች ለዚህ መልስ ሊኖራቸው ይገባል።

ፋርማሲስት፣ ፒያሳ፦ መምህርት፣ ያሉትን አልቃወምም፤ ሆኖም ከአይጥ ልብ ክብደት እስከ ሰው ስትሮክ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ከ33 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ኦልሃት ጥናት ላይ፣ ሊዚኖፕሪል የወሰዱ ጥቁር ተሳታፊዎች ሽንት የሚያበዛውን የግፊት መድኃኒት ክሎርታሊዶንን ከወሰዱት ይልቅ በስትሮክ ይበልጥ ተጠቅተዋል። ኢናላፕሪል ደግሞ የሊዚኖፕሪል ወንድም ነው።

መምህርት፦ በዚያው ዓመት የወጣው ላይፍ ጥናትስ? የልባቸው ጡንቻ በወፈረ 9,193 ሰዎች ላይ የአንጂዮቴንሲንን ሥራ የሚያግደው ሎሳርታንና የልብ ምትን የሚያዘገየው አቴኖሎል ግፊቱን በተቀራራቢ ደረጃ አወረዱ፤ ውፍረቱ ግን በሎሳርታን ይበልጥ ቀነሰ፣ ስትሮክም በ25 በመቶ አነሰ። አይጡ ያመለከተው መንገድ በሰውም ተገኝቷል ማለት ነው።

ፋርማሲስት፦ በዚያ ጥናት የነበሩት 533 ጥቁር ተሳታፊዎች ግን ያንን ጥቅም አላገኙም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ክሪኦል ጥናት በስድስት የአፍሪካ አገሮች ሲካሄድ፣ አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለት ጥምረቶች የኢናላፕሪል ቤተሰብ የሆነው ፔሪንዶፕሪል ሽንት ከሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ከተጣመረበት የተሻለ ግፊት አወረዱ።

መምህርት፦ ኢትዮጵያ ከስድስቱ አንዷ አይደለችም፤ ጥናቱም የለካው ግፊትን እንጂ የልብን ውፍረት አይደለም። «ጥቁር» የሚለው አንድ ቃል አሜሪካንም ናይጄሪያንም ጎንደርንም በአንድ ላይ ሲጠቀልል እኔን አያሳምነኝም።

የታማሚ ልጅ፣ ካዛንቺስ፦ እናቴ አምሎዲፒን ይወስዳሉ፤ በአልትራሳውንድ የልባቸው ጡንቻ ወፍሯል ተብለናል። እንለውጥ ወይስ አንለውጥ?

ፋርማሲስት፦ በራሳችሁ አትለውጡ፤ ሐኪማቸውን «ይጨመርላቸው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከክሪኦል ሁለት አሸናፊ ጥምረቶች አንዱ አምሎዲፒን ከፔሪንዶፕሪል ጋር ነው፤ አምሎዲፒንን ሳያቆሙ የአንጂዮቴንሲንን መንገድ መዝጋት ይቻላል። ከተጨመረ ግን የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ያስፈልጋል።

መምህርት፦ በመጨመሩ እስማማለሁ። ክርክሬም ከአምሎዲፒን ጋር አልነበረም፤ የልብን ውፍረት ከቁም ነገር ከማይቆጥሩት ጋር ነበር።

ፋርማሲስት፦ እንግዲያው የመጀመሪያው ጽሑፍ «ሁሉም» የሚለው ይታረም። ኢናላፕሪልና ቤተሰቦቹ ፅንስን ይጎዳሉ፤ ለነፍሰ ጡር ግን ያ አሮጌ ሜቲልዶፓ ዛሬም ይታዘዛል። ጽሑፉን ያነበበች ነፍሰ ጡር እህት ብትኖር ይህን የሚነግራት አንድም መስመር የለበትም።