ፎርት ዎርደንና ፎርት ኬሲ፦ ጨለማ ምሽግ ውስጥ ፎቶ እንዴት ይነሳል?

የሲያትሉ
ሰላም ወገኖች። በዋሽንግተን ስቴት ያሉትን ሁለት የድሮ የባሕር ዳር ምሽጎች፣ ፖርት ታውንሰንድ ያለውን ፎርት ዎርደንንና ዊድቢ ደሴት ላይ ያለውን ፎርት ኬሲን፣ በአንድ ቀን ማየት ይቻላል? ካሜራዬ ክሮፕ ሴንሰር (አነስ ያለ የምስል መቀበያ ያለው) ነው፤ ሌንሱ አብሮት የመጣው ከ16 እስከ 50 ሚሊ ሜትር። ጨለማ ቦታ በእጅ ይዤ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ባለው ስሜት) 6400 ሳነሳ ፎቶው አሸዋ የተነፋበት ይመስላል። በሩ ካለበት ደግሞ በሩ ነጭ፣ ውስጡ ጥቁር ይሆናል። ፍላሽ ስጠቀም አየሩ በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል። ምን ይዤ ልሂድ? የወታደር ቦታ ስለሆነስ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም?

ባለትራይፖድ
አገር ቤት የለመደ ሰው የወታደር ቦታ ፎቶ ሲባል ቢደነግጥ ልክ ነው። እነዚህ ግን ዛሬ የስቴት ፓርክ ናቸው፤ ማንም ገብቶ ማንሳት ይችላል። ለመኪናው ዲስከቨር ፓስ (የስቴት ፓርክ መግቢያ ፈቃድ) ያስፈልጋል፤ የቀኑ 10 ዶላር ነው። ድሮን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ክልክል ነው። ተከፍሎህ የሙሽራ ፎቶ የምታነሳ ከሆነ ግን አስቀድመህ ፓርኩን ጠይቅ።

ምልክቶቹ ላይ «ባተሪ ኪንዚ»፣ «ባተሪ ዎርዝ» የሚለውን ስታይ የእጅ ባትሪ እንዳይመስልህ፤ መድፎች የተተከሉበት ምሽግ ማለት ነው። ዎርደን፣ ኬሲና ማሮውስቶን ደሴት ላይ ያለው ፍላግለር ሦስቱ አንድ ላይ ሲያትል ወዳለችበት የባሕር ሰርጥ፣ ወደ ፒዩጀት ሳውንድ፣ የሚያስገባውን የባሕር በር ለመዝጋት ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩ ናቸው። አንድም ጊዜ በጠላት ላይ አልተኮሱም። መድፎቹ ከግንቡ በላይ ብቅ ብለው ይተኩሱና በራሳቸው ግፊት ተመልሰው ከግንቡ ጀርባ ይወርዱ ነበር። ከላይ የሚያይ አውሮፕላን ሲመጣ መደበቁ ዋጋ አጣ፤ ብዙዎቹም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተነቅለው ተወሰዱ። መድፍ ያለበት ፎቶ ከፈለግህ ኬሲ ሂድ፤ ባተሪ ዎርዝ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 10 ኢንች ከፊሊፒንስ የመጡ ናቸው። ዎርደን ያለው ባዶ ኮንክሪት፣ ኮሪደርና የጥይት ማከማቻ ክፍል ነው፤ ለጨለማ ፎቶ እሱ ይበልጣል።

በአንድ ቀን ይቻላል። ጠዋት በቤይንብሪጅ ፌሪ (መኪና የሚያሻግር መርከብ) ተሻግረህ፣ በሁድ ካናል ድልድይ አልፈህ ዎርደን ግባ። ድልድዩ ለባሕር ኃይል መርከብ ከተከፈተ ረጅም ጊዜ ትቆማለህና ሰዓት አትርፍ። ከዚያ የፖርት ታውንሰንድ–ኩፕቪል ፌሪን ያዝ። 35 ደቂቃ ያህል ነው፤ የሚያወርድህ ኬሲ እግር ሥር ነው። ቦታ አስቀድመህ አስይዝ፣ ጠዋትም አረጋግጥ፤ የባሕሩ ሞገድና የውሃው ፍሰት ሲበረታ ጉዞው ይሰረዛል። መመለሻህ በክሊንተን–ሙከልቲዮ ነው። ኬሲ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ የከሰዓቱ ብርሃን መድፎቹ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጠው።

ፍላግለርን ልጨምር ካልህ መንገዱ በኢንዲያን ደሴት ያልፋል። እሱ ዛሬም የሚሠራ የባሕር ኃይል የጥይት ማከማቻ ነው፤ እዚያ አጥር ጋ ቆመህ ካሜራ አታውጣ።

ጥቁር_ክፍል
ወንድሜ፣ ችግርህ ካሜራው አይደለም፤ በእጅ መያዝህ ነው። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ)፣ ተጭኖ የሚቆለፍ ሪሞት (ካሜራውን ሳትነካ የምታነሳበት)፣ እና ወደ 300 ሉመን የሚሆን የእጅ ባትሪ ይበቃሃል።

አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8፣ ፋይሉ ራው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል)። የሌንሱን ማረጋጊያ ትራይፖድ ላይ አጥፋው። ጊዜውን በግምት አትፈልግ፤ መጀመሪያ አይኤስኦ 6400 ላይ ሞክር። እዚያ 5 ሰከንድ ጥሩ ከሰጠህ፣ 6400 ለ100 ሲካፈል 64 ነውና 5 በ64 ይባዛል፦ 320 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ደቂቃ ከ20። ካሜራው በራሱ 30 ሰከንድ ላይ ስለሚያቆም ባልብ (እስክትለቀው ድረስ ክፍት የሚቆይበት ምርጫ) ላይ አድርገህ በሪሞት ቆልፈው። የረጅም ጊዜ ኖይዝ (አሸዋ የሚመስለው ነጠብጣብ) ማጥፊያው ከበራ ካሜራው ያንኑ ያህል ደቂቃ ተጨማሪ ይሠራል፤ ተበላሸ ብለህ ባትሪውን እንዳትነቅል።

ፎከስ በጨለማ አይያዝም። ባትሪህን 2 ሜትር ያህል ርቀት መሬት ላይ አብርተህ አስቀምጥ፣ በአውቶ ያዘውና ወደ ማንዋል ቀይረው። 16 ሚሊ ላይ በኤፍ 8 ይህ ከ1 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጥርት ያደርገዋል። የሚሰበሰብ ሌንስ ከሆነ ግን ካሜራውን ስታጠፋው ፎከሱም ይጠፋል፤ ቦታ ስትቀይር አታጥፋው።

ፍላሹ ላይ ያየኸው ነጠብጣብ አቧራና እርጥበት ነው። ፍላሹ ሌንሱ አጠገብ ስላለ ቅርብ ያለውን ብናኝ ቀድሞ ያበራዋል። ተወው። ሹተሩ (የካሜራው የብርሃን መዝጊያ) ክፍት ሳለ ከጎን ቆመህ ግድግዳውን በእጅ ባትሪ ኖራ እንደሚቀባ ሰው ሳታቋርጥ ቀባው። አንድ ቦታ ላይ ካቆምህ ክብ ነጭ ይሆናል። ከካሜራው ጎን ሆነህ ካበራህ ደግሞ ጥላ ስለማይኖር ኮንክሪቱ ካርቶን ይመስላል። ጥቁር ልብስ ልበስ፤ በባትሪውና በሌንሱ መሃል አትቁም። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) አውቶ ላይ አትተወው፤ አንድ ቁጥር ላይ ካላሰርኸው እያንዳንዱ ፎቶ ሌላ ቀለም ይዞ ይመጣል።

በር ላለበት 5 ፎቶ በ2 ስቶፕ ልዩነት (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ያደርጋል) አንሳና ቤት አዋህዳቸው። ደመና ያለበት ቀን ከመረጥህ ሦስትም ይበቃል። ሲያትል ውስጥ የምንረግመው ደመና እዚህ ባለውለታ ነው።

የሲያትሉ
እግዜር ይስጥልኝ። ሌንስ ጉም ሲለብስስ? ስገባ ነው የሚለብሰው አሉኝ።

ባለትራይፖድ
አዎ፣ ስትገባ ነው። ሌንሱን ከጃኬት ውስጥ ይዘህ ግባ፣ ይሞቃል።

ኮንክሪት_ወዳጅ
ጋሼ ያሉት ለክረምት ልክ ነው፤ ለበጋ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጤዛ የሚያርፈው ከአየሩ በቀዘቀዘ ነገር ላይ ነው። በዲሴምበር መኪና ውስጥ ያደረ ካሜራ ከዋሻው እርጥብ አየር ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ስትገባ ይለብሳል። በጁላይ ግን ከሙቀት ስለመጣ ስትገባ አይነካውም፤ ሰዓት ሙሉ ውስጥ ቀዝቅዞ ወደ ፀሐይ ስታወጣው ነው ጉም የሚይዘው። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ዚፑ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አቆየው። መስታወቱን አትጥረገው፣ ጭረት ይሆናል። ውስጥ ሳለህ ደግሞ ስክሪኑ ላይ እየተነፈስህ አትቅረብ።

ከፎቶው በላይ የሚያሳስበኝ አረማመድ ነው። የመድፍ ጉድጓዱ ጠርዝ ብዙ ቦታ መከለያ የለውም፤ ቁልቁለቱ ወደ አንድ ፎቅ ይጠጋል። በቪውፋይንደር (በካሜራው ማያ ቀዳዳ) እያየህ ወደ ኋላ አትራመድ፤ ቁም፣ አንሳ፣ ካሜራውን አውርድ፣ ከዚያ ሂድ። መሰላሎቹ ዝገት ናቸው፤ ላዩ ደህና መስሎ ግድግዳው ውስጥ የገባው ብረት የተበላ ነው። ጥይት ይጎተትበት የነበረ ጠባብ ቀዳዳም ወለሉ ላይ አለ፤ ትራይፖድህን ከመዘርጋትህ በፊት ወለሉን አብራ። ብርሃን ሦስት ያዝ፦ የራስ፣ የእጅ፣ መጠባበቂያ። ስልክ አይቆጠርም። የተዘጋ በር ወይም ወደ ታች የሚወርድ ጉድጓድ ካየህ ተወው፤ አየር የማይዘዋወርበት ቦታ ኦክሲጅን መኖሩን በዓይን አታውቅም። የተላጠውን ቀለም አትፈቅፍቀው፣ የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ አለበት፤ ከመብላትህ በፊት እጅህን ታጠብ።

ከጣራው የተንጠለጠሉት ነጭ ቀጫጭን ቱቦዎች ውሃ ከኮንክሪቱ አጥቦ ያወረደው ካልሲየም ነው። ከነካሃቸው ይሰበራሉ፤ ከጎን ብርሃን ስጣቸው።

በክረምት የተኛ የሌሊት ወፍ ካገኘህ አታብራበት፣ ክፍሉን ልቀቅ። ነጭ አፍንጫ የሚባለው የፈንገስ በሽታ በዋሽንግተን ስቴት መጀመሪያ የተገኘው በ2016 እዚሁ ኪንግ ካውንቲ ውስጥ ነው። ሰውን አይነካም፣ እነሱን ግን ይጨርሳል፤ በጫማና በትራይፖድ እግር ይተላለፋል። ከዎርደን ወጥተህ ፌሪው ከመድረሱ በፊት ሁለቱንም ከጭቃ አጽዳና ወደ ኬሲ ተሻገር።