ልጄን «ኦልተርኔቲቭ ሃይስኩል» አሉት፤ ውጤቱን አይተን ደነገጥን

ከኮምቦልቻ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 18 ዓመቱ ነው። እዚሁ ኮምቦልቻ 11ኛ ክፍልን ጨርሷል። ቪዛው ተሳክቶለት ሜሪላንድ አባቱ ጋ ሊሄድ ነው። አባቱ ትምህርት ቤት ሲጠይቅለት «ዕድሜው ገፍቷል» ብለው አንድ ትንሽ ኦልተርኔቲቭ ሃይስኩል፣ ከመደበኛው የተለየ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጠቆሙት። ወንድሜ ኢንተርኔት ላይ ቢያይ ግማሹም አይመረቅም። «የወደቀ ልጅ ማጠራቀሚያ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የምታውቁ ምከሩኝ።

ከሜሪላንድ፦

እህቴ፣ አብሽሪ። እኔ የደሴ፣ የሆጤ ልጅ ነኝ። እዚህ እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት በረዳትነት እሠራለሁ። ወንድምሽ ያየው ቁጥር ውሸት አይደለም። ብቻውን ሲታይ ነው የሚያሳስተው።

ከሌላ ትምህርት ቤት ተባሮ የመጣ ልጅ አለ፤ አልዋሽሽም። ግን ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ አለ። ወልዳ የምትማር አለች። እንደ ልጅሽ ዘግይቶ ከውጭ የመጣም አለ። ዋናው የሚያመሳስላቸው ዕድሜያቸው ሄዶ ክሬዲት፣ ማለትም ኮርስ ሲያልፉ የሚያዝላቸው ነጥብ፣ የጎደላቸው መሆኑ ነው። የእኛ ልጆች ስንት እንደሆኑ ከትምህርት ቤቱ የውጤት ሪፖርት አታገኚም። «ጥቁር» የሚለው ረድፍ ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። በፈረንጆቹ 2024 የፌዴራል መንግሥቱ የዘር መጠይቁን ሲያሻሽል «ኢትዮጵያዊ» የሚል ሳጥን አስገብቷል፤ ትምህርት ቤት እስኪደርስ ግን ጊዜ ይወስዳል። የአንድ ወገን ተማሪዎች በጣም ጥቂት ከሆኑ ደግሞ ማንነታቸው እንዳይታወቅ በቁጥሩ ቦታ ኮከብ ምልክት ይደረጋል። በትንሽ ትምህርት ቤት ሠንጠረዡ ኮከብ በኮከብ ነው።

አሁን ምረቃው። ልጁ 9ኛ ክፍል ከጀመረ በ4 ዓመት ውስጥ መደበኛ የሃይስኩል ዲፕሎማ ካልያዘ በዋናው ስሌት አልተመረቀም። በ5ኛው ዓመት ጥሩ ውጤት ይዞ ቢወጣም ያው ነው። ጂኢዲ የሚባለውን፣ በዲፕሎማ ፈንታ የሚወሰደውን ፈተና፣ ቢያልፍም አይቆጠርለትም። ሌላ ቦታ ሁለት ዓመት የባከነበትን ልጅ ተቀብለሽ በአራት ዓመት አስመርቂ ስትባዪ አስቢው! ትንሽነቱም አለ። የተመራቂው ክፍል 12 ልጅ ከሆነ አንድ ልጅ ሲቀር ከ8 በመቶ በላይ ይወርዳል። ስለዚህ አባቱ የ5 ዓመቱን ምረቃ ይጠይቅ።

ፈተና ላይም እንዲሁ። አንድ የወሎ ልጅ ነበረን፤ የማትሪክስ ሂሳብ ስትሰጪው ከመምህሩ ቀድሞ ይጨርሳል። ፈተናው ግን ስለ ቤዝቦል ነጥብ አንድ አንቀጽ ጽፎ ነው ሂሳቡን የሚጠይቀው። ልጁ ቤዝቦል በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ወደቀ። እኛስ ብንሆን፣ ከ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በአገር ደረጃ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ልጆቹ ሁሉ ደነዝ ናቸው አልን? ደሴና ኮምቦልቻ ያን ዓመት ምን ላይ እንደነበሩ ላንቺ አልነግርሽም። ልጅሽ በጦርነቱ ትምህርት ተቋርጦበት ከነበረ አባቱ ይህንንም ይንገራቸው። ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ስደተኛ ልጆች ለየት ያለ ድጋፍ የሚያገኙበት ቦታ አለ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን እኔ ብሆን መጀመሪያ መደበኛውን ነው የምጠይቀው። እኛ ጋ መምህሩ ልጁን በስሙ ያውቀዋል፣ ሲቀር ይደወላል። ከበድ ያለ የፊዚክስና የሂሳብ ኮርስ ግን እንደ ትልቁ ትምህርት ቤት የለንም። ኢንጂነሪንግ የሚያስብ ልጅ ይጎዳል። ሜሪላንድ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች በነጻ መማር መብት ነው። 18 ሞልቶታል ተብሎ ብቻ መገፋት የለበትም። ለዲፕሎማ 21 ክሬዲት ያስፈልጋል። የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ትምህርቱን በደንብ ከያዙለት በሁለት ዓመት ሊጨርስ ይችላል። ካልያዙለት ከ9ኛ ነው የሚጀምረው፤ ያኔ የእኛ ዓይነቱ ይሻለዋል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ትራንስክሪፕቱ ላይ ነው።

ከደሴ፦

የሜሪላንዷ ስለ ትራንስክሪፕት ካነሳች ልጨምር። ለእህቴ ልጅ ሳስጨርስ ፍዳዬን ነው ያየሁት። እትዬ፣ ክረምት ከገባ ሪከርድ ቢሮ ሰው አታገኚም፤ አሁኑኑ ሂጂ። በየክፍሉ የወሰደው ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ ተዘርዝሮ፣ ማህተም ተመትቶ፣ በታሸገ ፖስታ ይሁን። ሁለት ቅጂ አውጪ። ዓመተ ምህረቱን በእኛም በፈረንጅም እንዲጽፉልሽ ለምኚ። በእኛ ብቻ ከተጻፈ እዚያ ያለው ሰው ልጁ 11ኛን የጨረሰው ከሰባት ከስምንት ዓመት በፊት ይመስለዋል። ስሙንም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ። የእኛዎቹ «መሐመድ»ን አንዱ ጋ በአንድ ኤም፣ ሌላው ጋ በሁለት ኤም ጽፈውት ስንት ወር ተመላለስን።

ከኮምቦልቻ፦

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ 9ኛን የተማረው ደሴ ነው፣ 10ኛና 11ኛን ኮምቦልቻ። ከሁለቱም ለየብቻ ነው የማወጣው ወይስ የመጨረሻው ትምህርት ቤት አንድ ላይ ይሰጠኛል?

ከደሴ፦

ከሁለቱም አውጪ። የደሴውን እኔ እከታተልልሻለሁ፤ ውክልና ብቻ ላኪልኝ።