ገቢዬ ሳይሞላ ባለቤቴን ስፖንሰር ማድረግ እችላለሁ?

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ጤና ይስጥልኝ። የአሜሪካ ዜግነት ያለኝ ስሆን፣ ከአምስት ዓመት ልጄ ጋር እየኖርኩ በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ በዓመት 27,000 ዶላር አገኛለሁ። ደሴ ላለው ባለቤቴ ያስገባሁት አይ-130 (የቤተሰብ ማስመጫ ማመልከቻ) ጸድቆ፣ ጉዳዩ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማእከል ተዛውሯል። አሁን አይ-864 የተባለውን የስፖንሰርነት ፎርም እንድሞላ ተጠይቄአለሁ፤ ገቢዬ እንደማይበቃ ካወቅሁ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ለልጄ የምቀበለው ፉድ ስታምፕስ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) ያስከለክለኛል? አብሮን የሚኖረው ወንድሜ በዓመት 30,000 ዶላር ያገኛል።

መልስ 1 (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
እህቴ፣ አይዞሽ፤ መንገዱ ቤትሽ ውስጥ አለ። አንቺ፣ ልጅሽና ባለቤትሽ ሦስት ሰው ናችሁ፤ በ2025 ስሌት ለሦስት ሰው የሚጠየቀው፣ ማለትም መንግሥት የሚያወጣው የድህነት መመዘኛ 125 በመቶ፣ 33,312 ዶላር ስለሆነ 6,312 ይጎድልሻል። ወንድምሽ አይ-864ኤ የተባለውን፣ አብሮ የሚኖር ዘመድ የሚፈርመውን ፎርም ከፈረመ ግን ገቢው ከገቢሽ ጋር ይደመራል። እሱም ስለሚቆጠር ቤተሰቡ አራት ይሆንና መመዘኛው ወደ 40,187 ከፍ ይላል፤ የሁለታችሁ ድምር 57,000 ስለሆነ ግን በሚገባ ያልፋል። ፉድ ስታምፕስ እንደ ገቢ አይቆጠርልሽም፤ በመቀበልሽ ግን ስፖንሰር ከመሆን አትከለከዪም።

መልስ 2 (ከዳላስ፣ ቴክሳስ)
ወንድምሽ እንደ እኔ የኡበር ሾፌር ከሆነ፣ የሚታየው በስልኩ ላይ የሚያየው ገቢ ሳይሆን በታክስ ቅጹ ላይ ወጪው ተቀንሶ የቀረው ነው። እኔ 58,000 ዶላር ሠርቼ፣ ታክስ የሠራልኝ ሰው የነዳሁትን ማይል ሁሉ እንደ ወጪ አስቀንሶ 19,000 ብቻ አስቀረልኝ፤ ትንሽ ታክስ በመክፈሌ ስደሰት የባለቤቴ ፋይል በዚሁ ምክንያት ቆመ። በመጨረሻ አጎቴ ጆይንት ስፖንሰር (ተጨማሪ ስፖንሰር) ሆነልኝ። ይህ ከአይ-864ኤ የተለየ ነው፤ ጆይንት ስፖንሰር አብሮሽ መኖርም ሆነ መዛመድ ባያስፈልገውም፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው መሆንና መመዘኛውን ከአንቺ ገቢ ጋር ሳይደመር ለብቻው ማሟላት አለበት። አጎቴ ባለ አራት ቤተሰብ ስለሆነ፣ ባለቤቴ ተጨምራ ለአምስት ሰው 47,062 ዶላር ማሳየት ነበረበት። የእኔ ገቢ ባይበቃም የራሴን አይ-864 መሙላቴ ግን አልቀረም።

መልስ 3 (ከሲያትል)
ወንድምሽ ከመፈረሙ በፊት ቁጭ ብላችሁ ፎርሙን መስመር በመስመር በአማርኛ አስረጂው፤ ይህን አደራ እላለሁ። ባለቤትሽን በገንዘብ የመደገፍ ግዴታው ባለቤትሽ ዜግነት እስኪያገኝ ወይም 40 የሥራ ሩብ ዓመታት፣ በግምት አሥር ዓመት፣ እስኪመዘገቡለት የሚቆይ ሲሆን፣ እግዚአብሔር አያምጣውና ብትፋቱ እንኳ አይፈርስም። የእኔ እህት ሳታነብ ፈርማ፣ በኋላ ስታውቅ ለወራት ተኳርፈናል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ወንድሜ ተቀጣሪ ስለሆነ ደብልዩ-2 (አሠሪው የሚሰጠው የዓመት ደመወዝና ታክስ ማስረጃ) እና የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶቹን ትናንት ማታ ሰጥቶኛል፤ የቤት ኪራይ ውሉም በሁለታችንም ስም ነው። ፎርሙን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብረን እናነበዋለን።