ቀይ ሩዝና የኮሌስትሮል መድኃኒት አብረው ይወሰዳሉ?

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሜሪላንድ እኔ ጋ ናት። ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን ትወስዳለች። ጓደኛዋ ደግሞ «ተፈጥሯዊ ነው» ብላ በእርሾ የተብላላ ቀይ ሩዝ እንክብል ሰጠቻት። አሁን ሁለቱንም ትውጣለች።

እንክብሉ ውስጥ ያለው ሞናኮሊን ኬ እኮ ራሱ ሎቫስታቲን የሚባለው፣ እንደ አቶርቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል መድኃኒት ነው! ጡንቻና ጉበት ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሰሞኑን ደግሞ ጭኔን አመመኝ ትላለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 የሞናኮሊኑ መጠን በቀን ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ወስኗል። የእሷ ብልቃጥ ላይ ግን መጠኑ አልተጻፈም። ኩላሊት የሚጎዳው ሲትሪኒን ይኑርበት አይኑርበትም አይታወቅም።

አቁሚ ስላት «ሩዝ ደግሞ መርዝ ሆነ?» ትለኛለች። ነገ ሐኪሟ ጋ እደውላለሁ። ከጉበት ሌላ የጡንቻ የደም ምርመራም ልጠይቅ? እናቱን እንዲህ ካለ እንክብል ያስጣለ ካለ፣ እባካችሁ ምን ብላችሁ አሳመናችኋት?