ቡቴንን ሳመጣጥን ኦክስጅን 6.5 እየመጣብኝ ነው፤ ግማሽ ይጻፋል እንዴ?

የማታ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ዳቦ ቤት እየሠራሁ ማታ 10ኛ ክፍል እማራለሁ። የቡቴን (በምድጃ ጋዝ ውስጥ ያለው ነዳጅ) መቃጠልን አመጣጥኑ፣ ማለትም የአተሞቹን ቁጥር በግራና በቀኝ እኩል አድርጉ ተባልን። 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን ስላለው በቀኝ በኩል 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 5 ውሃ አደረግሁ። ኦክስጅኑን ስቆጥር 13 አተም ሆነ፤ የኦክስጅን ጋዝ ሁለት ሁለት አተም ተጣምሮ ስለሆነ ለ2 ሳካፍለው 6.5! መልሱ ግን 2፣ 13፣ 8፣ 10 ይላል። አብሮኝ የሚማረው ልጅ «ውሃው ግርጌ ላይ ቁጥር ጨምርበት፣ ይስተካከላል» አለኝ፤ አልተዋጠልኝም።

ጡረተኛው መምህር፦
ጎሽ ልጄ፣ እንዳይዋጥልህ! ከግርጌ ያለችውን ቁጥር ከነካህ ዕቃውን ራሱን ቀየርከው ማለት ነው። ውሃ ላይ አንድ ኦክስጅን ብትጨምር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሆናል፤ ፋርማሲ ለቁስል የሚሸጠው፣ ማን ይጠጣዋል? የሚነካው ከፊት ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

6.5 ያልከው አልተሳሳተም፣ አላለቀም እንጂ። ግማሽ ሞለኪውል የሚባል ነገር ስለሌለ ሁሉንም በ2 አባዛው፦

2 ቡቴን + 13 ኦክስጅን → 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድ + 10 ውሃ

ካርቦን 8 በ8፣ ሃይድሮጅን 20 በ20፣ ኦክስጅን 26 በ26። ኦክስጅንን መጨረሻ ላይ ማድረግህ ደስ ብሎኛል። በግራ በኩል ብቻውን ስለቆመ ቁጥሩን ብትቀያይረው ሌላውን አይረብሽም።

የላብ ሠራተኛ፦
መምህር ልክ ናቸው። ግን በሞል (ሞለኪውሎችን በጅምላ የምንቆጥርበት መለኪያ) ካነበብከው 6.5ም ያስኬዳል፤ ከ1 ሞል ቡቴን የሚወጣውን ሙቀት ስናሰላ እንደዚያ ነው የምንጽፈው። በግራም መዝነው፦ 58 ቡቴንና 208 ኦክስጅን፣ 266። በቀኝ 176 እና 90፣ ያው 266። ፈተናው «በትንሹ ሙሉ ቁጥር» ካለ ግን ነጥብ ያስቆርጥሃል።

የማታ ተማሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። የቤታችን የጋዝ ምድጃ አንዳንዴ ነበልባሉ ቢጫ ይሆንና ድስት ያጠቁራል። ያኔም እኩልታው ይኸው ነው?

ጡረተኛው መምህር፦
አይደለም። አየር አጥሮት ነው። 2ቱ ቡቴን በ13 ፋንታ 9 ኦክስጅን ብቻ ቢያገኙ 8 ካርቦን ሞኖክሳይድና 10 ውሃ ይወጣል። ወደ 5 ቢወርድ ደግሞ ኦክስጅኑ ለውሃው ብቻ ይበቃና 8ቱ ካርቦን ጥላሸት ሆነው ይቀራሉ፤ የድስታችሁ ጥቁረት እሱ ነው። ምድጃ ላይ እርግጥ ሁሉም ተደባልቆ ነው የሚወጣው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው የሚገድለው በሱ ነው። ስለዚህ መስኮት ክፈቱ፣ ምድጃውንም አስጠርጉት።

ቀጥለህ ኤታኖልን ሞክር፤ 2 ካርቦን፣ 6 ሃይድሮጅን፣ 1 ኦክስጅን። ያቺን የራሱን አንድ ኦክስጅን ሳትቀንስ 3.5 ብለህ እንዳትመጣ!

የማታ ተማሪ፦
1፣ 3፣ 2፣ 3 መጣልኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ተባረክ። አሁን ያንን ጓደኛህን አስተምረው።