ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይበተንብናል፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። በአንድ የካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ) ምእመናንን በማስተባበር አገለግላለሁ፤ አሁን ግን ግራ ገብቶኛል።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ይሞላል። ቅዳሴው እንዳበቃ ግን ሰው ወዲያው ይበተናል። ነባሮቹ በዕድርም በለቅሶም ይገናኛሉ። የሚያሳዝነኝ አዲስ መጪው ነው። ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ከሌላ አካባቢ የመጣ ወጣት ማንም ስሙን ሳይጠይቀው ይመጣል፣ ይሄዳል። ቢታመም እንኳ አናውቅም።

ቡና ማፍላት ጀመርን። ጥሩ ነው፤ ግን የሚተዋወቁት ከሚተዋወቁት ጋር ይቀመጣሉ።

የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚያበረታቷቸውን ትናንሽ ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦችም ሞከርን። ጎረቤታሞች በየቤቱ ተሰብስበው ወንጌል ያነባሉ፣ ይጸልያሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ታቦር አካባቢ ያሉ እናቶች በርትተዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ወጣቱና አባወራው ግን የለም። የፋብሪካ ሠራተኞቹ ፈረቃ ይለዋወጥባቸዋል። የቋንቋም ጉዳይ አለ፦ አንዳንዱ በሲዳምኛ፣ ሌላው በወላይትኛ መጸለይ ይቀለዋል። በቋንቋ ብንከፍላቸው ደግሞ መራራቁ እንዳይብስ እፈራለሁ።

በእናንተ ቁምስና እንዴት አደረጋችሁት? የምትሰበሰቡት በሰፈር ነው ወይስ በሥራና በዕድሜ? ፈረቃ ያለበትን ሰው በምን ሰዓት አገኛችሁት? አዲስ ሰው ሲመጣስ የሚቀበለው ማነው? ሁሉን ካህኑ ላይ መጣል አልፈልግም፤ አባ ገጠር ያሉትን ጸሎት ቤቶችም ያዳርሳሉ። የሠራላችሁን ነገር በዝርዝር ጻፉልኝ፤ ያልሠራውንም ጭምር።