የነሐሴው ጠረጴዛ፦ ፕሮፖዛሉ ዓርብ ማታ መግባት አለበት

ገንዘብ ያዥ (ሰኞ)
የሌጎ ክለባችን ለነሐሴው ኤግዚቢሽን የሚያስገባው ፕሮፖዛል ዓርብ ማታ ካልገባ ጠረጴዛችን ለሌላ ክለብ ይሰጣል፣ አምና የሆነውን ሁላችሁም ስለምታውቁ አልደግመውም። እሁድ የተስማማነውን ልጻፈው፣ ያልተስማማ አሁን ይናገር። በሌጎ የተሠራ የአዲስ አበባ መንገድ፣ በሰንሰለት የሚጎተቱ ሦስት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች፣ ፌርማታ ሲደርሱ በራቸው ይንሸራተትና ወያላው ብቅ ይላል። ልጆች የሚጫኑት ቁልፍ ይኖራል፣ «ወራጅ አለ» የሚል፣ ሲጫኑት ታክሲው ይቆማል። ከጎኑ ደግሞ ሆዱ ክፍት የሆነ አንድ ሞዴል፣ ጥርሶቹ ሲዞሩ የሚታዩበት፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው የተነሳነው ልጆቹ ጊር ምን እንደሆነ በእጃቸው ነክተው ይወቁት ብለን ነው። ካዝና ውስጥ 310 ዶላር አለ። ሞተር ማን? መንገድ ማን? እንግሊዝኛውን ማን ይጽፋል?

የጊርቦክስ ሰው
ሞተርና ጊር እኔ። ሚኒባሱ ስፋቱ 8 ስተድ (የሌጎ ፍሬ ላይ ያለችው ጉብታ) ይሁን፣ 64 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፣ 6 ካልን በሩ የሚንሸራተትበት ቦታ አይተርፍም። ታክሲው ውስጥ ሞተር አንከትም፣ ሞተሩ ከመንገዱ ስር ነው፣ መንገዱ መሀል አንድ ስተድ የሚያህል ክፍተት እንተውና ሰንሰለቱ ላይ የተሰካች ፒን በዚያ ወጥታ ታክሲውን ትጎትታለች። ለበሩ ሌላ ሞተር አያስፈልግም። ፌርማታው ጋ መንገዱ ላይ ትንሽ ከፍ ያለች ፍሬ እናስቀምጣለን፣ ከታክሲው ሆድ የተንጠለጠለች ዘንግ እሷ ላይ ስትወጣ በሩን ወደ ኋላ ትገፋዋለች፣ ወያላውም እዚያው ዘንግ ላይ ስለሚታሰር አብሮ ወደ ውጭ ዘንበል ይላል፣ ካለፈ በኋላ ላስቲክ ይመልሳቸዋል። ሞተሩን በቀጥታ ከሰንሰለቱ ካገናኘነው ታክሲዎቹ ይበራሉ ስለዚህ ዎርም ጊር (እንደ ብሎን የተጠማዘዘው) በባለ 24 ጥርስ ላይ፣ ሞተሩ 24 ጊዜ ሲዞር ጥርሱ አንዴ ይዞራል። የዎርም ችግሩ ወደ ኋላ አይዞርም፣ አንድ ልጅ ታክሲውን ጭምቅ አድርጎ ቢይዘው የሆነ ነገር መሰበሩ ነው፣ እዚያ ላይ ያቺን ፍሪሲዮን ያላትን ነጭ ባለ 24 ጥርስ እናስገባለን፣ ፊቷ ላይ 2.5 እና 5.0 የሚል የታተመባትን፣ ጭነት ሲበዛባት ትክ ትክ ትክ እያለች ራሷ ትንሸራተታለች። ሁለት አለኝ፣ ሦስተኛ ይገዛ።

ስተድ ቆጣሪ
እኔ ጋ ኢቪ3 አለ፣ የሌጎ ማይንድስቶርም ትንሿ ኮምፒውተር፣ ከትምህርት ቤት የተረፈ፣ ቁልፉን ፕሮግራም ላደርገው እችላለሁ

የጊርቦክስ ሰው
ማይንድስቶርምን ሌጎ በፈረንጅ 2022 መጨረሻ ላይ አቁሞታል፣ ገመዷ ብትበጠስ ከየት ልናመጣ ነው። አምና የተገዙት ሁለት ሞተሮችም የአሮጌው ሲስተም ናቸው፣ መሰኪያቸው አዲሱ ባትሪ ሳጥን ውስጥ አይገባም፣ ሳይጠይቅ ያዘዘው ሰው ራሱን ያውቃል።

የካዛንቺስ ልጅ
አዎ አውቃለሁ። ርካሽ ነበር፣ አንተ እስክታማርጥ ገና እንጠብቅ ነበር። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ታፔላው ላይ ምንድነው የሚጻፈው? እሁድ «ፒያሳ» ሲባል ሰምቼ ዝም አልኩ ግን ሳስበው ልክ አይደለም። ፒያሳ እኮ በኛ አቆጣጠር በ2016 ነው የፈረሰው።

የመንትዮቹ እናት
እና? ሰው ፒያሳ ፒያሳ ማለት አቆመ እንዴ

የካዛንቺስ ልጅ
አላቆመም ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የገባ ሐበሻ ሁሉ የሚቆመው እኛ ጠረጴዛ ጋ ነው፣ አንዱ ስልኩን ደግኖ ይመጣና ይሄ ለምን ተጻፈ ይሄ ምን ለማለት ነው ይላል፣ ማታ ቲክቶክ ላይ ነን። ካዛንቺስ ብንለው ምን አለበት?

ዳላስ ያለሁት
ካዛንቺስህስ ፈርሶ የለ እንዴ ሃሃሃ

የካዛንቺስ ልጅ
ሁሉም አልፈረሰም። ደሞ አንተ ዳላስ ከሄድክ ወዲህ መዋጮ ከፍለህ ታውቃለህ?

ዳላስ ያለሁት
ነጩን ፍሬ በሙሉ ማን ነው የሰጣችሁ? ያንን መስኮት ስር አስቀምጣችሁ ፀሐይ ያስመታችሁትን። አሁን ነጭ ሳይሆን ቅቤ ነው የሚመስለው። በመዋጮ ቁጠሩልኝ።

የመንትዮቹ እናት (ማክሰኞ)
ሜክሲኮ ይባል በቃ፣ ሜክሲኮ ማንንም አያስቀይምም

ስተድ ቆጣሪ
ፈረንጆቹ አገሩ ይመስላቸዋል፣ ከአዲስ አበባ ሜክሲኮ በታክሲ

ሐመረ ኖኅ ሰፈር
መገናኛ። ሁሉም ሰው መገናኛን ያውቃል።

የፋሲል ልጅ
ሁልጊዜ አዲስ አበባ አዲስ አበባ፣ እኔ ጎንደር ነው ያደግኩት፣ ባጃጅ ለምን አይሆንም? ሦስት ጎማ ነው፣ ብዙ ፍሬ አይፈጅ፣ ታፔላም የለው፣ ጭቅጭቁም ያልቃል።

ሐመረ ኖኅ ሰፈር
ባጃጅ ላይ ወያላ የለም።

የድሮ ሹፌር
እናንተ ልጆች ታፔላ ታፔላ ትላላችሁ እኔ ስነዳ ታፔላ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ታፔላው የወያላው አፍ ነው፣ አራት ኪሎ ፒያሳ አራት ኪሎ ፒያሳ እያለ መንገዱን ሁሉ ይቀሰቅሰዋል፣ ታክሲው ጢም ብሎ እንኳ አንድ ሰው አንድ ሰው ይላል፣ የገባውን ደግሞ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሌላው ደግሞ ያ የጊሩ ልጅ ወያላው ዘንበል ይላል ብሎ የጻፈው ልክ አይደለም፣ ወያላ ዘንበል አይልም፣ ግማሽ አካሉ ውጭ ነው፣ አንድ እጁ ጣሪያውን ይይዛል፣ በሌላኛው እጁ ብሩን በቁመቱ አጥፎ በጣቶቹ መሀል ይሰካዋል፣ አንድ ብሩ ለብቻ አምስቱ ለብቻ አሥሩ ለብቻ፣ ሳያይ ነው መልስ የሚሰጠው። ይህ ካልታየ ያ ወያላ አይደለም ተሳፋሪ ነው።

ስተድ ቆጣሪ
ጋሼ የሌጎ ሰውዬ እጅ ጣት የለውም

የድሮ ሹፌር
ታዲያ አትሥሩት።

ገንዘብ ያዥ
ጋሼ አይቀየሙ፣ ልጁ ለማለት የፈለገው እጁ ቅርጹ እንደ ቀለበት ስለሆነ ነው። ሌሎቻችሁ እባካችሁ፣ መንገድ የሚሠራ እስካሁን አንድ ሰው ስሙን አላስገባም።

የካዛንቺስ ልጅ
መንገዱን እኔ እሠራለሁ ታፔላው ከተወሰነ

የመንትዮቹ እናት
መንገዱ ከታፔላው ጋር ምን አገናኘው?!

የካዛንቺስ ልጅ
ሰፈሩ ሳይታወቅ ምን ዓይነት መንገድ ልሥራ? ፒያሳ ዳገት ነው፣ ቦሌ ሜዳ ነው። ሰንሰለቱ ዳገት ይወጣል?

ሐመረ ኖኅ ሰፈር
ባዶ ተዉት ታፔላውን

ዳላስ ያለሁት
ትራፊክ ይቀጣናል ሃሃ

የጊርቦክስ ሰው (ረቡዕ)
ከሥራ ወጥቼ ከፈትኩት፣ ስንት መልስ ተጽፎ ስለ ሰንሰለቱ የጠየቀ አንድ ሰው፣ እሱም ለነገር። ልመልስለት፣ አይወጣም። ሰንሰለቱ በጎኑ ተኝቶ ነው የሚዞረው፣ የሚታጠፈው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ግራና ቀኝ ካልነው ላይና ታች አይልም፣ ስለዚህ መንገዱ ሜዳ ነው አለቀ። ሜዳም ሆኖ መሀል መሀሉ ላይ ይረግባል፣ ከስሩ ስተድ የሌለው ለስላሳ ፍሬ በሙሉ ዙሪያውን መደርደር አለበት፣ ካልሆነ ፒኗ ወደ ታች ትገባና ታክሲው መሀል መንገድ ተገትሮ ይቀራል። ለሱ ብቻ ከሦስት መቶው ዶላር ግማሹ ይሄዳል። ይሄን ማታ ማታ ተቀምጬ ኮምፒውተር ላይ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እናንተ የሁለት ስተድ ሰሌዳ ላይ ምን ይጻፍ እያላችሁ ሦስት ቀን ሞላ። ከፈለጋችሁ «ገነት» ብላችሁ ጻፉበት።

የካዛንቺስ ልጅ
ማንም አልለመነህም

የጊርቦክስ ሰው
እሺ። ሞተሩን ሌላ ሰው ይያዘው።

የድሮ ሹፌር
ተው እንጂ ልጄ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይቆጣል ያለ ነው። አንተም የካዛንቺሱ አፍህን ሰብስብ፣ ታናሽህ አይደለም። ነገ ቡና አፈላለሁ ኑ ቤት።

የጊርቦክስ ሰው
ጋሼ እርስዎ ካሉ እሺ። ሞተሩን ሐሙስ ማታ በቪዲዮ አሳያለሁ።

ገንዘብ ያዥ (ሐሙስ)
ቪዲዮው የለም፣ ቡናው ላይም አልመጣም፣ ስልኩ ይጠራል። ከ310ሩ ደግሞ 190ው ለቲሸርት ሄዷል፣ ዳላስ ያለው አዟል፣ ስምምነት ነበረ ይላል።

ዳላስ ያለሁት
አምና ራሳችሁ ናችሁ ያላችሁት፣ ሌላው ክለብ ሁሉ አንድ ዓይነት ለብሶ እኛ ብቻ የሠርግ ቤት እንመስላለን ብላችሁ። ለማንኛውም መላ አለኝ። ሚኒባሱን ተዉትና ላዳ እንሥራ። ላዳ ሰማያዊና ነጭ ነው፣ ያው ታክሲ ነው፣ ኮንትራት ስለሆነ ታፔላ የለውም፣ ወያላ የለውም፣ ማዕዘን ማዕዘን ስለሆነ በሌጎ በአንድ ምሽት ይሠራል።

ሐመረ ኖኅ ሰፈር
ይሄ ጥሩ ነው

የፋሲል ልጅ
ባጃጅ ስል ዝም ብላችሁ

የካዛንቺስ ልጅ
ላዳ እስማማለሁ። አንዱ መንገድ ዳር የቆመ፣ ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ የሚያይ። ይሄንን የማያውቅ ሐበሻ የለም።

የመንትዮቹ እናት
ቆይ ቆይ። ላዳ ውስጥ ማን ነው ወራጅ አለ የሚለው? ልጆቼ ቁልፍ ትጫናላችሁ ተብለው አንዷ ከካርቶን ቆርጣ ጽፋበት ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ጊር ይማሩ የተባለውስ?

ዳላስ ያለሁት
ኮፈኑ ሲከፈት ውስጡ ሞተር ይታያል፣ ፒስተን እናደርግለታለን፣ ይማራሉ

ስተድ ቆጣሪ
ፒስተኑን የሚያዞረው ምንድነው

ዳላስ ያለሁት
ያ በኋላ ይታያል

የድሮ ሹፌር
እኔ ላዳ ነድቼ አላውቅም። የላዳ ሹፌር የት እንደሚቆም እንኳ አልነግራችሁም፣ ሌላ ሰው ጠይቁ።

የመንትዮቹ እናት (ዓርብ)
እንግሊዝኛውን እኔ ልጽፍ ነበር፣ አሁን ግን ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ከተማ መንገድ ላይ ያሉ ታክሲዎች ነው ወይስ አንድ የተበላሸ መኪና?

ገንዘብ ያዥ
የተበላሸ አትበይ። «በጥገና ላይ» በይ።

የመንትዮቹ እናት
አንተው ጻፈው እኔ ልጆች ላመጣ ነው

ገንዘብ ያዥ
ከምሽቱ 5 ከ40 ላይ ገብቷል። ርዕሱን «የአዲስ አበባ ታክሲ» ብዬዋለሁ። ሦስት ላዳ ነው ያልኩት፣ ጠረጴዛው ሰፊ ስለሆነ አንድ ብቻ ብናስቀምጥ ያሳፍረናል። ቅጹ ላይ «የሚንቀሳቀስ ክፍል ካለ ይግለጹ» የሚል አለ፣ የአንዱ ኮፈን በእጅ ይከፈታል ብያለሁ። ሰማያዊ ፍሬ ያለው ሰው እስከ እሁድ ያምጣ፣ ካዝናው ውስጥ የቀረው 120 ነው፣ ሁለተኛ ዙር መዋጮ ሳይኖር አይቀርም።

ስተድ ቆጣሪ
በእጅ ማለት ሞተር የለውም?

ገንዘብ ያዥ
ሞተሩም ፍሪሲዮኑም ባትሪ ሳጥኑም የጊርቦክስ ሰው ቤት ነው። በሩን አንኳክቶ የሚጠይቅ ካለ አድራሻውን በውስጥ እልካለሁ።

የካዛንቺስ ልጅ
እኔን አትላኩኝ

የድሮ ሹፌር
ቲሸርቱ ሰፊ ቁጥር አለው? እኔ ባለ ሁለት ኤክስ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ
አለ ጋሼ፣ 15 ዶላር ነው።